ዋችማን ምንድን ነው?

ዋችማን የግራውን የልብ የላይኛ ክፍል ጎን ይዛ ያለችውን ትንሽ ከረጢት የሚደፍን መክደኛ ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ሲኖር የላይኛው ክፍል መኮማተሩን ትቶ ይርገበገባል፤ ከረጢቷ ውስጥ የገባው ደምም ሳይንቀሳቀስ ይቆይና ይረጋል። ይህ የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ያመጣል። የቫልቭ ችግር በሌለባቸው ሕሙማን የግራው የላይኛ ክፍል ውስጥ ከሚገኘው የረጋ ደም 90 በመቶ ያህሉ የሚፈጠረው እዚችው ከረጢት ውስጥ ነው።

ማዕቀፉ ኒቲኖል ከሚባል፣ ታጥፎ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ ከሚመለስ ብረት የተሠራ ሲሆን ፊቱን ፖሊስተር ጨርቅ ይሸፍነዋል። በአሜሪካ የተፈቀደው በ2015 ነው። ኤፍ ኤል ኤክስ የተባለው ሞዴል ከ20 እስከ 35 ሚሊ ሜትር በአምስት መጠን ይመጣል።

ደረት አይከፈትም። ቀጭን ቱቦ በብሽሽት ደም መልስ ገብቶ ወደ ቀኝ ልብ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይኛዎቹ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ በመርፌ ይበሳና ወደ ግራ ይታለፋል። ሐኪሙ መክደኛውን ከመልቀቁ በፊት ቀስ ብሎ ይጎትተዋል፤ ከተንቀሳቀሰ መልሶ ይሰበስበዋል። ከ10 እስከ 30 በመቶ ተጨምቆ መቀመጡንም በአልትራሳውንድ ይለካል። ያነሰ መጠን ከተመረጠ ሊነቀል ይችላል። ቱቦው ስስ የሆነውን የከረጢቷን ግድግዳ ከቀደደ ደግሞ ደም ልብን ዙሪያውን ያፍነዋል፤ ብርቅ ቢሆንም ወዲያው ካልተቀዳ ይገድላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የልብ ሥጋ ጨርቁን እስኪያለብሰው ድረስ ደም በራሱ በመክደኛው ላይ ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ የደም ማቅጠኛ በዚያው ቀን አይቆምም፤ በተለመደው አሠራር ማቅጠኛ (ለምሳሌ ዋርፋሪን) ከአስፒሪን ጋር ለ45 ቀን ተወስዶ ምርመራ ይደረጋል። በጎኑ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ከታየ ማቅጠኛው ይቀጥላል።

የሚመከረው ማቅጠኛን ለረጅም ጊዜ ላለመውሰድ በቂ ምክንያት ላለው ሰው፣ ለምሳሌ ከባድ መድማት ለደረሰበት ነው። የልብ ምቱን መዛባት አያድንም፤ ከደም ግፊት ወይም ከአንገት ደም ቅዳ ጥበት የሚመጣ ስትሮክንም አይከላከልም። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚይዘው ሩማቲክ የልብ ሕመም በግራው የላይኛና የታችኛ ክፍል መካከል ያለውን ሚትራል ቫልቭ አጥብቦ ከሆነም አይሆንም፤ እነዚህ ሕሙማን ደማቸው ከከረጢቷ ውጭም ስለሚረጋ ዋርፋሪናቸውን አይ ኤን አር (ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳይ መለኪያ) ከ2 እስከ 3 እየተጠበቀ መውሰድ አለባቸው።