ዌስት ስቶው፦ በአንግሎ ሳክሰን ዘመን ተራው ሰው እንዴት ኖረ፣ እንዴትስ ተቀበረ

ስለ አንግሎ ሳክሰን እንግሊዝ፣ ማለትም ሮማውያን ከሄዱ በኋላ ከሰሜን አውሮፓ የመጡ ህዝቦች ስለሰፈሩባት እንግሊዝ፣ ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ነገስታት ይሄዳል፣ ገበሬው የት ተኛ፣ ምን በላ፣ ሲሞትስ ምን አደረጉለት የሚለውን በአማርኛ ማግኘት ከባድ ነው። እዚህ የተሰበሰበው በአብዛኛው ስለ አንድ መንደር ነው፣ ምክንያቱም በደንብ የተቆፈረው እሱ ነው።

ዌስት ስቶው ምስራቅ እንግሊዝ፣ ሳፎክ ውስጥ፣ ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ከሚባለው ከተማ ብዙም ሳይርቅ ላርክ ወንዝ ዳር ያለ አሸዋማ ጉብታ ነው። ሮማውያን ከሄዱ በኋላ፣ ከ420 እስከ 650 ዓ.ም. አካባቢ (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሰው ኖሮበታል። በኋላ በመካከለኛው ዘመን ንፋስ ያመጣው አሸዋ ሸፈነውና ከዛ ወዲህ ማረሻ ሳይደርስበት ቀረ፣ እድሉ ይሄ ነው። ዋናውን ቁፋሮ ከ1965 እስከ 1972 የመራው አርኪዮሎጂስቱ ስታንሊ ዌስት ሲሆን ወደ 70 የሚጠጉ ከስራቸው ጉድጓድ ያላቸው ትናንሽ ቤቶችና 7 አዳራሾች አገኘ። ይሄን ያህል ቤት ሲባል ትልቅ መንደር እንዳይመስላችሁ፣ ቤቱ ሲያረጅ ጎኑ ሌላ እየሰሩ ስለነበር በአንድ ጊዜ የነበሩት ሶስት አራት ቤተሰቦች ቢሆኑ ነው።

ትልቁ ክርክር ጉድጓዱ ላይ ነው። ድሮ ሰዎቹ ጉድጓዱ ውስጥ ጭቃ ላይ ነበር የሚኖሩት ይባል ነበር፣ ዌስት ግን በእሳት ከወደሙት ቤቶች የጣውላ ቅሪት ስላገኘ ወለሉ ከጉድጓዱ በላይ የተነጠፈ ነው አለ፣ እውነቱን ለመናገር የሱ ነው ሚዛን የሚደፋው። ሌሎች ቦታዎች ላይ የተለየ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። ዝም ብሎ ከመከራከር ብለው ከ1970ዎቹ ጀምሮ እዛው ቦታ ላይ በዘመኑ መሳሪያና ዘዴ ቤቶቹን መልሰው መስራት ጀመሩ፣ ሁለቱንም አይነት ሞክረው እያዩ፣ የሳር ክዳኑ ስንት አመት ይቆያል፣ ምሰሶው የት ጋ ይበሰብሳል እያሉ። በ2005 አንዱ ቤት ሲቃጠል እንኳን አመዱን ጠርገው አልጣሉትም፣ እንደ ጥንት ቅሪት ቆፍረው አጠኑት! እንዲህ አይነት ትእግስት ያለው ቦታ ብዙ የለም።

ኑሮው በግ፣ ከብት፣ አሳማና እህል ነው። የእንዝርት ቀለበትና ድሩን ወደታች የሚወጥሩበት የሸክላ ክብደት በብዛት ስለተገኘ ፈትልና ሽመና የየቤቱ ስራ ነበር፣ ከአጥንትና ከአጋዘን ቀንድ ማበጠሪያም ይሰሩ ነበር። ሰዎቹ ከየት መጡ ለሚለው በ2022 የወጣ የዘረመል ጥናት በዛን ዘመን በምስራቅና ደቡብ እንግሊዝ ከተቀበሩት ሰዎች የዘር ግንድ በአማካይ 76 በመቶው ከሰሜን አውሮፓ፣ ማለትም ከጀርመን፣ ከዴንማርክና ከሆላንድ አካባቢ መሆኑን አሳይቷል።

ወደ ሞት ስንመጣ ስለ መንደሩ የሚታወቀው ነገር ይቀጥናል። መቃብሩ የተገኘው በ1849 ነው፣ በወቅቱ ማን ከምን ጋር ተቀበረ ብሎ በስርአት የመዘገበ ስለሌለ ጎረቤት ማየት ግድ ነው። ኖርፎክ ውስጥ ስፖንግ ሂል ላይ አስከሬን አቃጥለው አመዱን በሸክላ እቃ የቀበሩባቸው ከ2000 በላይ መቃብሮች አሉ፣ ብዙዎቹ ውስጥ ማበጠሪያ አለ፣ ፈረስና በግም አብሮ ተቃጥሏል። ሳተን ሁ ደግሞ በ1939 የተገኘው የ27 ሜትር መርከብ መቃብር ነው፣ የአካባቢው (የምስራቅ አንግልያ) ንጉስ የነበረው የሬድዋልድ ነው ይላሉ ብዙዎቹ፣ ስለሱ በቂ ተጽፏል።

እኛን የሚነካው ሊንከንሻየር ውስጥ ስክረምቢ የሚባለው ቦታ ነው። እዛ የ5ኛውና 6ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶች ከነቦርሳቸው ተቀብረዋል፣ ጨርቁ በስብሶ የቀረው የቦርሳው አፍ ቀለበት ብቻ ነው፣ ቀለበቱም የዝሆን ጥርስ ነው። በ2023 የታተመ ጥናት ዝሆኖቹ በዛው ዘመን የኖሩ የአፍሪካ ዝሆኖች እንደሆኑ፣ የኖሩበትም አፈር እሳተ ገሞራ የወለደው፣ የምስራቅ አፍሪካን ስምጥ ሸለቆ የሚመስል እንደሆነ አገኘ፣ በዛ ዘመን ደግሞ ከዛ አካባቢ የዝሆን ጥርስ በቀይ ባህር ወደ ውጪ ይልክ የነበረው አክሱም ነው። ተመራማሪዎቹ "ሳይሆን አይቀርም" ብለው ነው ያለፉት፣ ከአክሱም ሌላ ማን ሊሆን እንደሚችል ግን እንጃ።

በ7ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትና ሲገባ እቃ ይዞ መቀበሩ እየቀረ ሄደ፣ ዌስት ስቶውም በዛው ሰሞን ተለቀቀ።