«እርጥቡ ይሻላል፣ ይታጠፍልሃል» እና ሌሎች ስለ ደጋን የሚባሉ ነገሮች

ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ አካባቢ ካለው ግቢያችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ እንጨት ስፍቅ ያየኝ ሰው ሁሉ አስተያየት አለው። ጎረቤት ይመክራል፣ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ቆም ብሎ ይመክራል። ፍላጻ የሚወረወርበትን ደጋን እየሠራሁ ነው፣ በእጅ፣ ከአንድ ወጥ እንጨት። ከሚሉኝ ውስጥ ግማሹን እኔም አምኜ ተቃጥዬበታለሁ።

«ቀስት የሚወረወረው ነው።» አይደለም፣ የሚወረወረው ፍላጻ ነው። ቀስቱ እጅ ላይ ይቀራል። ቀስተ ደመናን አስቡት። ደጋን ስንልም ያው የጎበጠውን ነው፤ ጎረቤታችን እማማ ግን ደጋን ሲባል የሚያውቁት የጥጥ መንደፊያውን ነው። «ልጄ፣ ጥጥ ልትነድፍ ነው እንዴ?» ብለውኝ ስንስቅ ዋልን። አልተሳሳቱም እኮ። የሳቸውም የጎበጠ እንጨትና የተወጠረ ጅማት ነው።

«እርጥብ እንጨት ይሻላል፣ በቀላሉ ይታጠፋል።» በዚህ ነው የተበላሁት። ከገበያ የባሕር ዛፍ አጣና ገዛሁ፣ ልጣጩ ገና በእጅ የሚላቀቅ። በአንድ ከሰዓት ጠረብኩት፣ ገመድ አሰርኩለት፣ አደረ። ጠዋት ገመዱን ስፈታው እንደ ማጭድ ጎብጦ ቀረ። እርጥብ እንጨት መታጠፉን ይታጠፋል፣ አይመለስም እንጂ፣ የደጋን ሥራው ደግሞ መመለስ ነው። እንጨቱን ሰንጥቃችሁ፣ ውሃው በጫፍ በኩል ቶሎ ወጥቶ እንዳይሰነጣጥቀው ሁለቱን ጫፍ ኮላ ወይም ቀለም ቀብታችሁ፣ ጥላ ውስጥ ለወራት ትተዉታላችሁ። ፀሐይ ላይ አታስጡት።

«ወፍራም ይሁን፣ ጉልበት ይኖረዋል።» ጉልበትስ ይኖረዋል፣ ማን ይገትረዋል? ስፋቱን እጥፍ ብታደርጉት ግትርነቱ እጥፍ ይሆናል፣ ውፍረቱን እጥፍ ካደረጋችሁት ግን 8 እጥፍ ነው። 12 ሚሊሜትር ከነበረው 1 ሚሊሜትር ብቻ ብትፍቁ ጉልበቱ ሩብ ያህል ይወርዳል። ለዚህ ነው መጥረቢያውን መጀመሪያ ላይ ተጠቅሜ የማስቀምጠው። ከዚያ ሞረድ፣ መጨረሻ ላይ የብርጭቆ ስባሪ። ስባሪው ሲፋቅበት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር እየተጠቀለለ ይወድቃል፣ ድምፁም ደስ ይላል። ትንሽ ትፍቃላችሁ፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ በትንሹ ሳብ ለቀቅ ታደርጉታላችሁ፣ ከዚያ መጨበጫውን ግድግዳ ላይ ባለ ካስማ አንጠልጥላችሁ፣ ገመዱን ወደ ታች እየሳባችሁ፣ ራቅ ብላችሁ ሁለቱን ክንዶች ታያላችሁ። ግትር ብሎ የቀረው ጋ ትፍቃላችሁ፣ ቀድሞ የሚታጠፈውን አትነኩም። ሥራው ይሄ ነው፣ ሌላው ጠረባ ነው። የፋቃችሁትን መልሳችሁ አትለጥፉም፤ እኔ እዚህ ላይ ችኩል ስለሆንኩ ሲደክመኝ ትቼው ነው የምነሳው።

«ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት አሳምረው።» ጀርባ የምለው ወደ ዒላማው የሚዞረውን ፊት ነው። ሲገተር የሚለጠጠው እሱ ነው፣ ወደ ወርዋሪው የሚዞረው ሆዱ ይጨመቃል። ጀርባው ላይ አንድ የእንጨት ጭረት፣ ማለት በርዝመቱ የሚሄደው ክር፣ ከተቆረጠ ስብራቱ ከዚያ ይጀምራል። የኛ አገር ብዙ ዛፎች የዕድሜ ቀለበታቸው በደንብ ስለማይለይ፣ እኔ ቅርፊቱን ብቻ አንስቼ ከሥሩ ያለውን እንጨት እንዳለ እተወዋለሁ። ጉጥ ካለም እብጠቱን አልጠርበውም። መልኩ አያምርም፣ ግን አይሰበርም።

«በጣም ጠንካራው እንጨት ምርጡ ነው፣ ወይራ ውሰድ።» ወይራ ለዱላ ወደር የለውም። ለደጋን ግን የሚፈለገው መለጠጥም መጨመቅም የሚችል፣ ጭረቱ ቀጥ ያለ እንጨት ነው። እ.ኤ.አ. በ1545 የሰጠመችው የእንግሊዝ መርከብ ሜሪ ሮዝ በ1982 ከባሕር ስትወጣ ከመቶ በላይ ደጋኖች ተገኝተውባታል፣ የተሠሩት ዩ ከሚባል የአውሮፓ ዛፍ ነው፤ ነጩ የውጭ እንጨት ጀርባ ሆኖ ይለጠጣል፣ ቀዩ ልብ ሆድ ሆኖ ይጨመቃል። የነዚህን መሳቢያ ጉልበት ከ45 እስከ 80 ኪሎ የሚገምቱ አሉ። የኔው 18 ኪሎ ላይ ትከሻዬን አስለቅሶኛል።

«የሚያስፈነጥረው ገመዱ ነው።» ወስፈንጥር ስለለመድን ነው። ወስፈንጥር ላይ ጉልበቱ ላስቲኩ ውስጥ ነው፣ ደጋን ላይ እንጨቱ ውስጥ። ገመዱ ባይለጠጥ ነው የሚሻለው። አንዱ ልጅ ከአሞራ ገደል የዓሣ መረብ ናይለን አመጣልኝ፣ በጣም ጠንካራ ነው፣ ግን ናይለን ይለጠጣል፣ ስለዚህ የእንጨቱን ጉልበት ይበላል። ጅማት ወይም ሰም የተቀባ የፖሊስተር ክር ገምዶ መጠቀም ይሻላል።

«ካልወረወርክበት ምን ይሆናል?» ባዶውን ገትሮ መልቀቅ ደጋን ገዳይ ነው። ፍላጻው ይዞት ሊሄድ የሚገባው ጉልበት ተመልሶ እንጨቱና ገመዱ ላይ ያርፋል። ያ ናይለን ያመጣው ልጅ ጥሩውን ደጋኔን አንስቶ «ቷ!» አደረገበት። ሦስተኛው ላይ ተሰነጠቀ። ሥራ ሲያልቅ ገመዱን ማላቀቅም እንዳትረሱ፣ ተወጥሮ ካደረ ቀስ በቀስ ይጎብጣል።

ያ እንደ ማጭድ የቀረው የባሕር ዛፍ ግን አልተጣለም። እማማ አገላብጠው አዩትና «ለጥጥ ይበቃኛል» ብለው ወሰዱት። ትናንት ጅማት አስረውለት ሲነድፉበት አየሁ።