ኪሳራና የኪሳራ መዝገብ በሰሜን ሸዋ

በደብረ ብርሃን ገበያ «እገሌ ከሰረ» ማለት ቀላል ነው። በግ በውድ ገዝቶ አዲስ አበባ በርካሽ የሸጠ ከሰረ ይባላል፤ ሱቁን ዘግቶ ስልኩን ያጠፋም ከሰረ ይባላል። በሕግ ግን ፍርድ ቤት «ከስሯል» ብሎ ካልወሰነ ማንም አልከሰረም። ፍርድ ቤት ውስጥ የሚሰማው «ወጪና ኪሳራ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ረቺው ከተረቺው የሚጠይቀው የክርክር ወጪ ነው። ስለዚህ መዝገብ ቤት ሄዶ «የኪሳራ መዝገብ ማየት ፈልጌ ነበር» የሚል ሰው የትኛውን ኪሳራ እንደሆነ አስቀድሞ ቢያስረዳ ጊዜ ይቆጥባል።

ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በኦሮሚያ ሆኖ ዋና ከተማው ፍቼ፣ ሌላው በአማራ ክልል ሆኖ ዋና ከተማው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደብረ ብርሃን ነው። እዚህ የሚነገረው ስለ ሁለተኛው ነው። የንግድ ሕግ ማውጣት በሕገ መንግሥቱ የፌዴራሉ ሥልጣን ስለሆነ ግን ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው።

ሕግ በአንቀጽ ከመጻፉ በፊት ባለዕዳ የሚያዘው በቁራኛ ነበር። የባለገንዘቡና የባለዕዳው ልብስ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ሁለቱ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ነገሩ ከጠና ሰንሰለቱ ይመጣል፤ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ ተቆራኝተው ይከርማሉ። የተበደረው ብቻ ሳይሆን ያበደረውም የሚታሰርበት ሥርዓት መሆኑ ዛሬ ያስገርማል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ከሥሯ ያለችው አልዩ አምባ፣ ከሐረርና ከታጁራ በኩል የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ የሚያራግፍባት ገበያ ነበረች። በዚያ ዘመን አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር፤ ነጋዴው የሚታመነው በሰውና በዋስ እንጂ በመዝገብ አልነበረም።

የመጀመሪያው የኪሳራ ሕግ የወጣው በ1925 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አምስተኛ መጽሐፉን ለኪሳራ ሰጠ። ረቂቁን ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ጀምረውት ሲሞቱ የአገራቸው ሰው አልፍሬድ ዦፍሬ ጨርሰውታል። ይህ መጽሐፍ ከስድሳ ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተካ። አዲሱ ሕግ ኪሳራን ብቻ አያውቅም፤ ድርጅቱ ጨርሶ ሳይወድቅ ዕዳውን ከባለገንዘቦቹ ጋር እንደገና የሚያዋቅርበትን፣ መልሶ የሚደራጅበትን፣ ትንንሾቹም አጠር ባለ ሥርዓት የሚስተናገዱበትን መንገድ ጨምሯል።

በሰሜን ሸዋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ማን ሊከስር ይችላል?» በሚለው ላይ ነው። ሕጉ የተጻፈው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። የመንዝ ገበሬ፣ ባና ሸማኔው፣ ደመወዝተኛው መምህር፣ የቱንም ያህል ዕዳ ቢቆለልባቸው የኪሳራ ማመልከቻ ማቅረብ አይችሉም። እነሱን የሚመለከታቸው ተራው የፍርድ አፈጻጸም ነው። እዚያም ቢሆን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከባለዕዳው ቤት የማይነኩ ነገሮችን ለይቷል፤ የሚለበሰው፣ የሚበሰልበት ዕቃ፣ መኝታው፣ የሙያ መሣሪያው፣ ለኑሮው የግድ የሚያስፈልጉት ከብቶችና ዘር አይያዙም። አንድ ጥንድ በሬ ያለው ገበሬ ይህን አንቀጽ ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ከነጋዴዎችም መካከል ልዩነቱ ሰፊ ነው። በግል ስሙ ፈቃድ ያወጣ የሸዋ ሮቢት ማሾ ነጋዴ ሲከስር መጋዘኑ ብቻ ሳይሆን የራሱ ንብረት በሙሉ ለዕዳ መክፈያ ይቀርባል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቋመው ግን በመርህ ደረጃ የሚያጣው ያዋጣውን ነው። የ2013ቱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ፣ መኖሪያ ቤቱን ከንግዱ ለመለየት የሚያስብ ሰው ማሰብ ያለበት ሲከስር ሳይሆን ፈቃድ ሲያወጣ ነው። ባንክ ግን ብልህ ነው፤ ማኅበሩ ሲበደር ባለቤቱን በግል ዋስ አድርጎ ያስፈርማል፣ ያን ጊዜ አጥሩ ፈረሰ ማለት ነው። ሁለት ሦስት ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ከብት የሚነግድበት እሽሙር ደግሞ የሕግ ሰውነት ስለሌለው እሱ ራሱ አይከስርም፤ የሚከስሩት ሰዎቹ ናቸው።

ማመልከቻው የሚቀርበው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ የኪሳራን ጉዳይ የገንዘቡ መጠን ምንም ይሁን ምን ለዚህ ፍርድ ቤት ስለሰጠው፣ የመሃል ሜዳ ወይም የዓለም ከተማ ነጋዴ ጉዳዩን የወረዳ ፍርድ ቤት አይጨርስለትም። ለክፍያ ማቆም ምክንያቱ ምንም ቢሆን፣ ጊዜው የደረሰ ዕዳ መክፈል አለመቻል መነሻው ነው። ማመልከት የሚችለው ባለዕዳው ብቻ አይደለም፤ ባለገንዘብም ይችላል። የ1952ቱ ሕግ ባለዕዳው ክፍያ ባቆመ በ15 ቀን ውስጥ ራሱ እንዲያስታውቅ ያዝዝ ነበር፤ የሀብትና ዕዳ ሚዛን፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ፣ የባለገንዘቦችና የባለዕዳዎች ዝርዝር፣ የንብረት ቆጠራ እንዲያያይዝም ይጠይቅ ነበር። ፍርድ ቤት በር ላይ ያለ ራፖር ጸሐፊ የቤት ኪራይ ክስ አሳምሮ ይጽፋል፤ ይህን ግን ጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ ካልያዙት አይሆንም።

ፍርድ ቤቱ ከወሰነ በኋላ ነጋዴው በንብረቱ ላይ ማዘዝ ይቀርበታል፣ ፍርድ ቤት የሾመው ሰው ይረከበዋል። ባለገንዘቦች በየፊናቸው መክሰሳቸው ይቆምና ሁሉም ተራ ይይዛሉ። ሠራተኛ ያልተከፈለው ደመወዝ ካለ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ከውድቀቱ በፊት ባሉት ወራት መኪናውን ለወንድሙ «የሸጠ»፣ ቤቱን ለልጁ የሰጠ ካለም ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ንብረት ደብቆ የከሰረ ደግሞ ከፍትሐ ብሔር ወደ ወንጀል ይሻገራል።

መዝገቡ የት ይገኛል? ስም ተጽፎ የሚፈለግበት አንድ ወጥ የኪሳራ መዝገብ የለም፤ ወሬው ተበታትኖ ነው ያለው። ዋናው ፋይል ውሳኔውን በሰጠው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ የመዝገብ ቁጥር ወይም ቢያንስ የተከራካሪውን ሙሉ ስም እስከ አያት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ነጋዴው ፈቃዱን አሳድሶ እንደሆነ የሚታወቀው በንግድ መዝገብ ነው፤ የከተማው ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ወይም ኢትሬድ በሚባለው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ድረ ገጽ ላይ ይጣራል። ማስታወቂያዎች በአዲስ ዘመን፣ በክልሉ ደግሞ በበኩር ጋዜጣ ይወጣሉ። በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ የተያዘ ዋስትናን ደግሞ በአዋጅ 1147/2011 መሠረት በብሔራዊ ባንክ ሥር የተቋቋመው መዝገብ ያሳያል። በርበሬ መፍጫ ወይም ትራክተር ከሰው እጅ የሚገዛ ቢያየው አይጎዳም። የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ ስለሚታተሙ የኪሳራን ሕግ ትርጉም ከዚያ ማንበብ ይቻላል።

በጋዜጣው ገጾች ላይ በብዛት የሚታየው ግን የኪሳራ ማስታወቂያ ሳይሆን ሐራጅ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት 30 ቀን አስጠንቅቆ ያለ ፍርድ ቤት በጨረታ እንዲሸጥ ፈቅዶለታል። ቤቱ ከተሸጠ ለኪሳራ ሥርዓት ምን ይተርፈዋል? ባንክ ውስጥ በቂ ስንቅ (ገንዘብ) ሳይኖረው ቼክ የጻፈ ነጋዴ ደግሞ ወንጀል ስለሆነበት ከኪሳራ ችሎት ይልቅ ፖሊስን ይፈራል። ከአራጣ አበዳሪ የወሰደም እንዲሁ ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የግል ብድርን ወለድ በዓመት በ12 በመቶ ቢወስነውም፣ አራጣ ራሱ በወንጀል ቢያስጠይቅም፣ ተበዳሪው የሚያስበው ነገ ሌላ የሚያበድረው እንዳያጣ ነው። ብዙው ነጋዴ ፈቃዱን መልሶ፣ ከግብር ዕዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ክሊራንስ አውጥቶ፣ የቀረውን በሽማግሌ ይጨርሳል። ኪሳራ ያወጁ ድርጅቶች ስም ሲነሳ የሚጠቀሰው በ2005 ዓ.ም. የወደቀው የመኪና ገጣጣሚው ሆላንድ ካር ነው፤ እሱም የሰሜን ሸዋ ድርጅት አይደለም።

አዲሱ የንግድ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው በሚያዝያ 2013 ነበር። በዚያው ወር አጣዬ ተቃጠለች። ሸቀጡ ከነሱቁ የነደደበት ነጋዴ በሕጉ ቋንቋ «ክፍያ ያቆመ» ነው፤ ማመልከት ይችል ነበር። ግን የሀብትና ዕዳ ሚዛኑን ከምን ሊሠራው? ደረሰኙም የዱቤ ደብተሩም አብረው ተቃጥለዋል።

የዱቤ ደብተር ሲባል ያው የተማሪ ደብተር ነው፤ ጠርዙ በእጅ ቅባት የጠቆረ፣ ስም እንኳ በወጉ የማይጻፍበት። «ባለ ቆርቆሮ በር፣ ዘይት 2፣ ስኳር 1»፤ «የአስተማሪዋ ልጅ፣ 85 ብር፣ ቅዳሜ»። ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን እንደ ሒሳብ መዝገብ ለመቀበል ይቸገራል። ሽማግሌ ፊት ግን ደብተሩ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ከሽማግሌዎቹ ማንበብ የሚችለው አንዱ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ ያነባል፣ የተጠራውም ሰው ወይ «አዎ» ይላል ወይ «ያንን ከፍያለሁ» ይላል።