ሮዋን አትኪንሰን፦ ድሬን ያለ አስተርጓሚ ያሳቀው ኮሜዲያን

ድሬ ላይ የድሮ ቴሌቪዥን ወሬ ከተነሳ ሚስተር ቢን ሳይነሳ አይቀርም። ከዚራ ያደገውም መጋላ ያደገውም ያውቀዋል። ያቺን ሚኒ መኪና፣ የድብ አሻንጉሊቱንና ቀይ ክራቫቱን ማን ይረሳል? ገጸ ባሕርይውን የፈጠረው ሮዋን አትኪንሰን ግን ብዙም አይወራለትም።

አትኪንሰን እ.ኤ.አ. በጥር 1955 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ኮንሴት በምትባል ከተማ ተወለደ። የተማረው ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው። መጀመሪያ ኒውካስል ተማረ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ ኦክስፎርድ ገባ። እዚያ ከጸሐፊው ሪቻርድ ከርቲስና ከሙዚቃ ደራሲው ሃዋርድ ጉዳል ጋር ተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ምህንድስናው ወደ ጎን ተተወ።

ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። የሚያስቸግሩትን ፊደላት ረገጥ አድርጎ፣ አጋኖ መጥራት ለመደ፤ ያ አነጋገሩም ዋና የቀልድ መሣሪያው ሆነ። ሌላ ሰው ሆኖ ሲተውን መንተባተቡ እንደሚጠፋለት ራሱ ተናግሯል። በቢቢሲ ስሙን የተከለው ከ1979 እስከ 1982 በቀረበ የስላቅ ዜና ፕሮግራም ነው። ከ1983 ጀምሮ ደግሞ «ብላክአደር» በተባለው ታሪካዊ ኮሜዲ ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነ ሰው ሆኖ ተወነ። የንግግር ችሎታውን ለማየት ከዚህ የተሻለ ሥራ የለውም።

ቢን ግን የሚያስቀው በአካሉ ነው። አትኪንሰን በ1987 ሞንትሪያል ወደሚካሄድ የቀልድ ፌስቲቫል ሲሄድ ከእንግሊዝኛው መድረክ ይልቅ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ፊት ልቅረብ ብሎ ጠየቀ። ቀልዱ ያለ ቋንቋ እንደሚሠራ መፈተን ፈልጎ ነው። ሙከራውም ተሳካለት። ድሬ ላይ የተወደደበት ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ በሚነገርባት ከተማ ቪዲዮ ቤት የተሰበሰበ ሰው የህንድ ፊልም ሲያይ ታሪኩን የሚነግረው ሰው ይፈልግ ነበር። ቢንን ለማየት ግን ማንም አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

በጥር 1 ቀን 1990 የታየውን የመጀመሪያ ክፍል ውሰዱ። ቢን ፈተና ተቀምጧል። ያጠናው ትሪጎኖሜትሪ ነው፤ ከፖስታው ያወጣው ወረቀት ግን ካልኩለስ ሆነበት። ላብ ያጠምቀዋል። ለኩረጃ አንገቱን ያሰግጋል፣ ጎረቤቱ ወረቀቱን ይሸፍንበታል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ትሪጎኖሜትሪውም እዚያው ፖስታ ውስጥ እንደነበር ይሰማል። ማትሪክ የተፈተነ ሁሉ ያን ድንጋጤ ያውቀዋል። አትኪንሰን ቢንን በጎልማሳ አካል ውስጥ ያለ ልጅ ይለዋል፤ እውነትም ፊቱ ላይ የሚታየው የልጅ ጭንቀት ነው።

ዓለምን ያዳረሰው ይህ ተከታታይ ድራማ እስከ 1995 ድረስ የተሠሩለት ክፍሎች ከ15 አይበልጡም። ከዚያ በኋላ በ1997 እና በ2007 ፊልም ሆኖ መጣ፤ በ2002 ደግሞ የካርቱን ፊልም ተጀመረለት። አትኪንሰን ጆኒ ኢንግሊሽ የተባለውን ቂል ሰላይ በሦስት ፊልሞች ተጫውቷል። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይም ከኦርኬስትራ ጋር ተቀምጦ አንዲት ኖታ እየደጋገመ ስታዲየሙን አስቋል። በ2016 እና በ2017 ግን ቀልዱን ትቶ «ማይግሬ» የተባለውን የልብ ወለድ መርማሪ ሆኖ ተወነ። እዚያ ላይ ፊቱ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። ቢንን የሚወድ ሰው ይህንንም ቢያየው ጥሩ ነው።