ኔጋቲቭ ምንድን ነው?

የሠርግ ፎቶ የተቀመጠበት አሮጌ ፖስታ ሲከፈት ከፎቶዎቹ ጀርባ አንዲት ጠቆር ያለች የፊልም ቁራጭ ብቅ ትላለች። የሙሽራዋ ጸጉር ነጥቶ፣ ነጩ ቬሎዋ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይታይባታል። ኔጋቲቭ የሚባለው ይህ ነው። እዚህ ጅማ በብዙ ቤት ፎቶው አልበም ውስጥ በክብር ይገባል፣ ፊልሟ ግን ትጣላለች። መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው፤ ወረቀቱ ቅጂ ሲሆን ዋናው እሷ ናት።

ፊልም ላይ ሙጫ መሰል በሆነ ስስ የጄላቲን ሽፋን ውስጥ የተበተኑ የብር ውሁዶች አሉ። ካሜራው ለቅጽበት ሲከፈት ብርሃን የነካቸው ይለወጣሉ፤ ለውጡ ግን ገና ለዓይን አይታይም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልሙ ዴቨሎፐር በሚባል ኬሚካል ሲታጠብ ብርሃን ያገኛቸው ወደ ጥቁር ብር ይቀየራሉ። ያላገኛቸውን ደግሞ ፊክሰር የሚባል ሌላ ኬሚካል አሟሙቶ ያስወጣቸዋል። ብዙ ብርሃን የመለሰው ቬሎ የጠቆረውና የሙሽራው ጥቁር ኮት ባዶ ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ብርሃን አሳልፈው ለብርሃን ስስ የሆነ ወረቀት ላይ ሲያሳርፉት ሁሉም ይገለበጥና የምናውቀው ፎቶ ይወጣል። የቀለም ፊልምም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ቀለሞቹ ተገልብጠው፣ መደቡ ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል።

የድሮ ፎቶ አንሺዎች ሪታች የሚያደርጉትም ፊልሙ ላይ ነበር። ጠባሳ ወይም የፊት መስመር ያለበትን ቦታ በሾለ እርሳስ ቀስ ብለው ነካ ነካ ያደርጉታል። እርሳሱ ብርሃን ስለሚከለክል ወረቀቱ ላይ ያ ቦታ ፈካ ይላል። ትዕግሥትና የሰለጠነ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነበር።

እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. በ1835 የቤቱን መስኮት ያነሳበት ትንሽ ኔጋቲቭ እስካሁን ተጠብቆ አለ። በ1839 ይፋ የሆነው የፈረንሳዊው የዳጌር ዘዴ ጥርት ያለ ምስል ቢሰጥም ከአንዱ ሌላ ማባዛት አይቻልም ነበር። የታልቦት መንገድ ግን ከአንድ ኔጋቲቭ የፈለጉትን ያህል ቅጂ ለማውጣት በር ከፈተ።

የኔጋቲቭን ዋጋ ከማሊያዊው ሰይዱ ኬይታ ታሪክ በተሻለ የሚያስረዳ አላውቅም። ኬይታ በ1921 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ተወለደ፤ አናጢነት የተማረ ሰው ነው። በ1935 አጎቱ ከሴኔጋል ትንሽ ኮዳክ ካሜራ አመጣለት። በ1948 የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። ደንበኞቹን ግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን ያነሳ ነበር። ፊልም ውድ ስለነበር ለአንድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሬዲዮ፣ ሰዓት፣ ሞተር ብስክሌት አቅርቦ ሰው በሚወደው መልኩ እንዲታይ ያደርግ ነበር። ደንበኛው ይዞ የሚሄደው 13 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነች ወረቀት ነበረች፤ ኔጋቲቩ እሱ ዘንድ ይቀራል። ከማሊ ነጻነት በኋላ ለመንግሥት ሲቀጠር ስቱዲዮው ተዘጋ።

በ1991 ኒው ዮርክ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ጥቂት ፎቶዎቹ «ፎቶ አንሺው ያልታወቀ» ተብለው ተሰቀሉ። አንድሬ ማኛን የተባለ ፈረንሳዊ እነዚያን ምስሎች ይዞ ባማኮ ሄደና ባለቤታቸውን አገኘ። ሰውየው በሕይወት ነበር፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኔጋቲቮቹም ነበሩ። በ1994 ፓሪስ በሚገኘው ፎንዳሲዮን ካርቲየር የተባለ የሥነ ጥበብ ማዕከል ለብቻው ኤግዚቢሽን ተዘጋጀለት። በድሮው ስቱዲዮ በመዳፍ ልክ የወጡት ፊቶች ከዚያው ፊልም በትልልቁ ታትመው ግድግዳ ሞሉ፤ የቀሚሱ ጥለት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ኬይታ በ2001 አረፈ። ፊልሞቹን ጥሏቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ስሙ «ያልታወቀ» ይሆን ነበር።

አሜሪካዊቷ ቪቪያን ማየርም እንዲሁ ናት። በሞግዚትነት እየሠራች ቺካጎን ስታነሳ የኖረችው ይህች ሴት በሕይወት ሳለች ሥራዋን የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ2007 ዕቃዋ በጨረታ ሲሸጥ የተገኙት ኔጋቲቮች ናቸው ስሟን ያወጡት።

ጅማ ላይ ይህ ጉዳይ ያሳስበኛል። አየሩ እርጥብ ነው፣ ዝናቡም ብዙ ወራት ይዘልቃል፤ ጄላቲን ደግሞ ሻጋታ የሚወደው ነገር ነው። በዚህ ላይ ሙቀትና እርጥበት አሲቴት ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራውን ፊልም ያፈርሰዋል። ፖስታው ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ከሸተተ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው፤ ከሌሎቹ ለይተው ያስቀምጡትና ቶሎ ቅጂ ያውጡለት። የሻገተ ፊልም በእርጥብ ጨርቅ አይጠረግም፣ ጄላቲኑ ተሟሙቶ ምስሉ አብሮ ይሄዳል። የተጣበቁትንም በጉልበት አያላቅቁ። የደረቀ ፊልም በወረቀት ፖስታ ይግባ፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አብሮ በሚዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ ማድረግ ይረዳል። ቆርቆሮው ከግድግዳና ከወለል ይራቅ።

ስካነር የሌለው ሰው የአንዱን ስልክ ስክሪን ነጭ አድርጎ ያብራ፣ ፊልሙን ከስክሪኑ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይያዝና በሌላ ስልክ ያንሳው። ከዚያ በፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ቀለሙን ሲገለብጠው ፊቱ ይወጣል። ጥራቱ የስቱዲዮ ባይሆንም ማን እንደሆነ ለመለየት ይበቃል።

መለየቱ ላይ የኬይታ ልምድ ይጠቅመናል። ከደንበኞቹ ኋላ የሚሰቅለውን ጨርቅ በየጥቂት ዓመቱ ይቀይር ስለነበር ፎቶዎቹ በየትኛው ጊዜ እንደተነሱ በጨርቁ ይለያል። የጅማ ፎቶ ቤቶችም የየራሳቸው መጋረጃ ነበራቸው። የትኛው መጋረጃ የየትኛው ፎቶ ቤት እንደሆነ የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች አሁንም አሉ፤ ሄደው ይጠይቋቸው። የነገሯችሁን ስም፣ ፎቶ ቤትና ዓመት ፖስታው ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ ፊልሙ እንዳይጫን ግን ከመክተታችሁ በፊት ይሁን።