አረም ያተረፋት የእሳት እራት

የብላክበርን ስፊንክስ በሃዋይ ደሴቶች ብቻ የምትገኝ የእሳት እራት ናት። አምፖል ሥር የምትርመሰመሰዋን እንዳታስቡ። የዚህችኛዋ ክንፍ ሲዘረጋ 12 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከደሴቶቹ አገር በቀል ነፍሳት በግዝፈት የሚስተካከላት የለም። መልኳ ግራጫ ሆኖ በሆዷ ግራና ቀኝ አምስት አምስት ብርቱካንማ ነጠብጣቦች አሏት። ስሟ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሃዋይ ነፍሳት ይሰበስቡ ከነበሩት እንግሊዛዊ ቄስ ከቶማስ ብላክበርን ነው።

ድሮ በአብዛኞቹ ዋና ዋና ደሴቶች ትታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ግን የውሃ ሽታ ሆነች፤ ጠፍታለች ተባለ። በ1984 በማዊ ደሴት፣ ካናዮ በሚባል ደረቅና ድንጋያማ ስፍራ በሕይወት ተገኘች።

ያመነመናት አንድ ነገር አይደለም። የምትኖርበት የቆላ ደን ተመንጥሯል፤ የተረፈውን ፍየልና ከብት ግጦታል። ከውጭ የገቡ ጉንዳኖችና ጥገኛ ተርቦችም እንቁላሏንና ትሏን ያጠቃሉ።

ትሉ የጣት ያህል ይወፍራል። እንደ እኛ አገር አባጨጓሬ ፀጉር የለውም። የጥንት ቀለቡ አይኤያ የሚባለው የሃዋይ ዛፍ ነው። ዛፉ ከትምባሆና ከቲማቲም ጋር ይዛመዳል፤ ዛሬ እሱም ብርቅ ሆኗል። ታዲያ ትሉ ምን በልቶ ቆየ? ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። የዛፍ ትምባሆ የሚባል፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ቢጫ አበባ ያለው አረም አለ። መንገድ ዳር፣ የተቆፈረ መሬት፣ የትም ይበቅላል። ትሉ እሱን ለመደ። በሌላ ቦታ ቢሆን ተነቅሎ የሚጣል መጤ ተክል፣ እዚህ የብርቅዬዋ ፍጥረት ጓዳ ሆነ።

ይህ ለግንባታ ባለሙያዎች ራስ ምታት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2000 ለመጥፋት ከተቃረቡ ፍጥረታት መዝገብ አስገብቷታል፤ ከሃዋይ ነፍሳት የመጀመሪያዋ ናት። ስለዚህ አረሙ ከመነቀሉ በፊት ቅጠሉ ላይ እንቁላልና ትል መኖሩ ይታያል። ዙሪያው ያለው አፈርም ዝም ብሎ አይቆፈርም። ትሉ በልቶ ከጠገበ በኋላ መሬት ውስጥ ገብቶ ነው ክንፍ የሚያበቅለው፤ እዚያ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ዛሬ ከማዊ ሌላ በትልቁ የሃዋይ ደሴትና በካሆኦላዌም ትገኛለች። ካሆኦላዌ እስከ 1990 ድረስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቦምብ ሲለማመድበት የኖረ ደሴት ነው። እዚያም ትሉን በዋናነት የሚቀልበው ያው አረም ነው።