«አድቫይስ» ምክር ነው፣ «አድቫይዝ» መምከር ነው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፖስታ ቤትና በብሔራዊ ትያትር መካከል በሚገኝ አንድ የትርጉምና የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ውስጥ የእንግሊዝኛ ጽሑፎችን ማረም ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። በቀይ እስክሪብቶ ከሁሉ በላይ ያረምኩት ቃል የትኛው እንደሆነ ብጠየቅ ለማሰብ ጊዜ አልፈጅም። ቃሉ ምክር የሚል ትርጉም ያለው «አድቫይስ» እና መምከር የሚል ትርጉም ያለው «አድቫይዝ» ነው። የመጀመሪያው በ«ሲ» እና በ«ኢ»፣ ሁለተኛው በ«ኤስ» እና በ«ኢ» ይጨርሳል። በማመልከቻ፣ በሲቪ፣ በውል፣ በታፔላ ላይ ሳይቀር አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። ሳርመው ደግሞ ባለጉዳዩ የሚመልስልኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ያው ነው እኮ፣ የአንድ ፊደል ጉዳይ ነው።» ይህን መልስ መስማት ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ።

«ያው ነው» የሚለው አመለካከት ስሕተቱን የፊደል ግድፈት ብቻ አድርጎ ይቆጥረዋል። እውነታው ግን አንዱ ስም ሌላው ግስ መሆኑ ነው፤ ያደባለቀ ሰው የሳተው ሆሄውን ብቻ ሳይሆን የቃሉን ክፍል ነው። በአማርኛ «ምክር» እና «መከረ» ከአንድ ሥር የወጡ ቢሆኑም አንዱን በሌላው ቦታ የሚያስገባ ሰው አላጋጠመኝም። በእንግሊዝኛ «አይ አድቫይስ ዩ» ብሎ በ«ሲ» የጻፈ ሰው በአማርኛ «እኔ አንተን ምክር» እንዳለ ይቆጠራል። «ታንክ ዩ ፎር ዩር አድቫይዝ» ብሎ በ«ኤስ» የጻፈ ደግሞ «ስለ ሰጡኝ መከረ አመሰግናለሁ» ማለቱ ነው። ይህን በአማርኛ ጽፎ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ወደ መሥሪያ ቤት የሚልክ ሰው የለም፤ በእንግሊዝኛ ግን በየቀኑ ይላካል።

ለደንበኞቼ ይህን ሳስረዳ የምጠቀመው የታወቀውን አባባል ነው፤ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለህ መከራ ይምከረው።» እዚህ ውስጥ መምከር ሦስት ጊዜ መጥቷል፤ ሦስቱም ድርጊት ናቸው፤ ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ ቢመለሱ ሦስቱም በ«ኤስ» ይጻፋሉ። «የአባት ምክር» ስንል ግን የሚሰጥና የሚቀበሉት ነገር ነው፤ ይህ በ«ሲ» ይጻፋል። የሚጠራጠር ሰው ዓረፍተ ነገሩን በሐሳቡ ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ «ምክር» ከመጣለት «ሲ»፣ «መከረ»፣ «ይመክራል» ወይም «መምከር» ከመጣለት «ኤስ» ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጠበቃ ልደታ አካባቢ አዲስ ለከፈቱት ቢሮ የታፔላ ጽሑፍ አስተርጉመው ሄዱ። እኛ «ሊጋል አድቫይስ» ብለን በ«ሲ» ሰጠናቸው። ማስታወቂያ ሠሪው ግን ከሌላ ቢሮ ታፔላ የለመደውን ይዞ በ«ኤስ» ሠራው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ተቆርጠው የሚለጠፉ የፕላስቲክ ፊደሎች ስለነበሩ ማስተካከሉ ቀላል ነበር፤ «ኤስ»ን ነቅሎ «ሲ»ን መለጠፍ ብቻ ነበር። ጠበቃው ታፔላውን እንዲያስተካክሉ ስነግራቸው «ማን ያስተውለዋል» አሉኝ። ከወራት በኋላ አንድ የውጭ አገር ደንበኛቸው ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ስለ ታፔላው ጠየቃቸውና ያን ዕለት ማታውኑ አስቀየሩት። አዲሷ «ሲ» ከጎረቤቶቿ ይልቅ ነጭ ሆና ለብዙ ጊዜ ትታይ ነበር።

«ሲነበቡም ድምፃቸው አንድ ነው» የሚለው ሁለተኛው አመለካከት የመጀመሪያው እናት ነው፤ ከትምህርት ቤት ይዘነው የወጣን ይመስለኛል። እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንማራለን፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ሌሎቹን ትምህርቶች እንማርበታለን፤ ነገር ግን ሁለቱንም ቃላት «አድቫይስ» ብለው የሚያነቡ መምህራን ብዙ ናቸው፤ እኔንም ያስተማሩኝ እንዲሁ ነበር። ጆሮው ልዩነቱን ያልሰማ ተማሪ እጁ እንዴት ይለየው? ስሙ በ«ስ»፣ ግሱ በ«ዝ» ድምፅ ነው የሚጨርሰው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ልዩነት ከባድ አይደለም፤ «ሳር»ን ከ«ዛር» የማይለይ ማን አለ? ጣትን ጉሮሮ ላይ አድርጎ «ስ» ሲሉ ንዝረት አይሰማም፣ «ዝ» ሲሉ ግን ይሰማል። የቋንቋ ሊቃውንት አንደኛውን ኢነዛሪ፣ ሁለተኛውን ነዛሪ የሚሏቸው ለዚህ ነው። አጻጻፉም ድምፁን ይከተላል፤ በእንግሊዝኛ «ሲ» ከ«ኢ» በፊት ስትመጣ እንደ «ራይስ» እና «ፕራይስ» ባሉት ቃላት «ስ» ትላለች፤ «ኤስ» ግን በአናባቢዎች መካከል ስትገባ እንደ «ራይዝ» እና «ኖዝ» ባሉት ብዙ ጊዜ «ዝ» ትላለች።

ልዩነቱ የዚህ ቃል ብቻ አመል አለመሆኑን ማወቅም ይጠቅማል። ጥቅም ወይም አጠቃቀም ማለት የሆነው ስም «ዩስ»፣ መጠቀም የሆነው ግስ «ዩዝ» ነው፤ ሆሄያቱ ግን አንድ ናቸው። ቤት «ሃውስ»፣ ማስጠለል «ሃውዝ» ነው። ምክንያት «ኤክስኪዩስ»፣ ይቅርታ ማድረግ «ኤክስኪዩዝ» ነው። «ፍ» እና «ቭ» ላይም ይኸው ሥርዓት ይታያል፤ እምነት «ቢሊፍ»፣ ማመን «ቢሊቭ»፤ ማስረጃ «ፕሩፍ»፣ ማረጋገጥ «ፕሩቭ»። ስሙ ሳይነዝር ያልቃል፣ ግሱ እየነዘረ ያልቃል። «አድቫይስ» እና «አድቫይዝ» ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ስምና ግስ ሆነው የተወረሱ ናቸው፤ «ዲ» የምትባለው ፊደል እንኳ በኋላ ላቲንን ለመምሰል የገባች ናት። ይህን ሥርዓት አንድ ጊዜ የያዘ ተማሪ ስለ አንዱ ቃል ብቻ ሳይሆን ስለ ብዙዎቹ ያርፋል። በቃል ለመያዝ የሚፈልግ ደግሞ በስሙ መጨረሻ ላይ በረዶ የሚል ትርጉም ያለው «አይስ» እንደ ተጻፈ ይመልከት፤ በረዶ ነገር ነው፣ ምክርም ነገር ነው።

«በ"ሲ" የእንግሊዞች፣ በ"ኤስ" የአሜሪካኖች አጻጻፍ ነው» የሚሉም አሉ። ስሕተት ነው፤ ሁለቱ አገሮች ይህን ቃል የሚጽፉት በአንድ ዓይነት ነው። ግራ መጋባቱ የመጣው ከ«ፕራክቲስ» እና ከ«ላይሰንስ» ነው። እንግሊዞች እነዚህን ሁለቱን ስም ሲሆኑ በ«ሲ»፣ ግስ ሲሆኑ በ«ኤስ» ይጽፏቸዋል፤ አሜሪካኖች ግን «ፕራክቲስ»ን ሁልጊዜ በ«ሲ»፣ «ላይሰንስ»ን ሁልጊዜ በ«ኤስ» ይጽፋሉ። መንጃ ፈቃድ በሁለት ዓይነት ሆሄ ተጽፎ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ድምፁም አይለወጥም። የ«አድቫይስ» ጉዳይ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

«ኮምፒውተሩ ቀይ መስመር ካላሰመረበት ትክክል ነው።» አይደለም፤ ሁለቱም በመዝገበ ቃላት ያሉ ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ የሆሄ ማረሚያው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል።

«ምክሮች እንደምንለው "አድቫይስስ" ማለት ይቻላል» የሚለውን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለረጅም ጊዜ ይሟገትልኝ ነበር። በአማርኛ «ሦስት ምክሮች ልስጥህ» ማለት ያምራል፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። በእንግሊዝኛ ምክር እንደ ዱቄት አንድ ሁለት ተብሎ የማይቆጠር ነገር ነው። «ሦስት ዱቄቶች ግዛ» አንልም፣ «ሦስት ኪሎ ዱቄት ግዛ» እንላለን፤ እንግሊዝኛውም እንዲሁ መስፈሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ «ኤን አድቫይስ» ሳይሆን «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ»፣ «ሜኒ አድቫይስስ» ሳይሆን «ኤ ሎት ኦፍ አድቫይስ» ይባላል። «ኢንፎርሜሽን»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ኢኩዊፕመንት» እና «ሆምወርክ» የዚሁ ዘመዶች ናቸው፤ በመጨረሻቸው ላይ የብዙ ቁጥር «ኤስ» አይጨመርባቸውም። ባልደረባዬን ያሳመነው የዱቄቱ ምሳሌ ነው።

ነገር ግን የዚህ ተቃራኒ የሆነ አክራሪነትም አለ፤ ቃሉ በምንም ዓይነት አይቆጠርም የሚል። ከሰንጋተራ እስከ ብሔራዊ ትያትር በተደረደሩት ባንኮች ውስጥ የሚሠራ ሁሉ «ዴቢት አድቫይስ» እና «ክሬዲት አድቫይስ» የሚባሉትን ያውቃቸዋል። እነዚህ ከሒሳብ ገንዘብ ሲቀነስ ወይም ሲገባ ለደንበኛው የሚሰጡ ማስታወቂያዎች ናቸው፤ በዚህ ትርጉም ቃሉ ይቆጠራል፣ በብዙ ቁጥርም ይነገራል። ግሱም በባንክ ቤት ማሳወቅ ማለት ነው። አንድ ቡና ላኪ ደንበኛችን የኤልሲ (በገዢው ጥያቄ ባንክ ለሻጩ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) ሰነድ ሲያስተረጉሙ «አድቫይዚንግ ባንክ» የሚለውን «አማካሪ ባንክ» ብለው ተረድተውት ነበር፤ ባንኩ ስለ ሽያጩ የሚያማክራቸው፣ ገዢው ካልከፈለም የሚከፍላቸው መስሏቸው ነበር። ሥራው ግን ኤልሲው መከፈቱን ለሻጩ ማሳወቅ ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዩሲፒ 600 በተባለው የዓለም አቀፍ የኤልሲ ደንብ አንቀጽ 9 መሠረት፣ አሳዋቂው ባንክ «እኔም እከፍላለሁ» የሚል የራሱን ማረጋገጫ ካልጨመረበት በቀር የመክፈል ግዴታ የለበትም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የቃል ትርጉም የገንዘብ ጉዳይ ይሆናል።

ከዚሁ ጋር በተያያዘ፣ በኢሜይል መጨረሻ ላይ የሚጻፈው «ፕሊዝ አድቫይዝ» ትክክል ነው፤ «እባክዎ ያሳውቁን» ማለት ነው፤ ግስ ስለሆነ በ«ኤስ» ይጻፋል። «አርመነዋል» ብለው በ«ሲ» የሚለውጡት ሰዎች ትክክሉን እያበላሹ ነው።

አማካሪ የሚለው ቃል በ«ኢ-አር» ወይም በ«ኦ-አር» ሊጨርስ ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በመካከሉ ግን «ሲ» አይገባበትም።

የመጨረሻው «አድቫይዝ ቱ ሂም» የሚለው ነው። ግሱ መስተዋድድ አይፈልግም፤ በአማርኛ «መከርኩት» እንደምንለው ተመካሪው በቀጥታ ይከተለዋል፤ «አድቫይዝ ሂም» ይባላል። «ቱ» የምትመጣው ድርጊቱን ለማስከተል ነው፤ «አድቫይዝ ሂም ቱ ጎ»፣ እንዲሄድ ምከረው። ባለፈው ሳምንት አንዲት መምህርት የተማሪዎች አማካሪነት ሥራ ለማመልከት የጻፈችውን ደብዳቤ ይዛ መጣች። አንዱ ዓረፍተ ነገር «አይ አድቫይስድ ቱ ስቱደንትስ ኤንድ ጌቭ ዜም ሜኒ አድቫይዝስ» ይል ነበር፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ስሕተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ነበሩበት። «አይ አድቫይዝድ ስቱደንትስ ኤንድ ጌቭ ዜም ፕራክቲካል አድቫይስ» ብለን አስተካከልነው። ጣቷን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ሁለት ጊዜ ድምፅዋን አሰምታ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀበለችና እኔ ገና ያልደረስኩበት ሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ በ«ሲ» የተጻፈ ግስ አግኝታ ራሷ አረመችው።